የበሽታ ሁሉ ሥር የማዕድን እጥረት ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ማዕድናት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። እኔም ጋ ደረሰ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የበሽታ ሁሉ ሥሩ የማዕድን እጥረት ነው። አፈሩ ስለተሟጠጠ የምንበላው ምግብ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ትልቅም ትንሽም በየቀኑ የማዕድን እንክብል መውሰድ አለበት። ቢበዛ ችግር የለም፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል። ሐኪሞች ይህን የማይነግሩን ማዕድን ርካሽ ስለሆነና ትርፍ ስለማያስገኝ ነው።

ጸሐፊው ሰው ለመጉዳት አስበው ጻፉ ብዬ አላምንም። ማዕድናት ለጤና ወሳኝ ናቸው ማለታቸው ልክ ነው። ሰውነታችን ብረትም፣ ካልሲየምም፣ ዚንክም መሥራት አይችልም። ከምግብና ከውሃ ካላገኘናቸው ከየትም አናገኛቸውም። ጽሑፉ ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ እውነት ያልሆነ ነገር ላይ ይደርሳል፣ አልፎም የሰው ሕይወት የሚነካ ምክር ይሰጣል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሊነስ ፓውሊንግ ስም ነው። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ሳይንቲስት፣ የበሽታ ሁሉ መነሻ የማዕድን እጥረት ነው ብሏል ይላሉ ጸሐፊው። የት እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በየትኛው ጥናቱ ላይ እንደጻፈው አይነግሩንም። ግን ብሏል እንበል። ፓውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1954 በኬሚስትሪ፣ በ1962 በሰላም ኖቤል ተሸልሟል። ትልቅ ሰው ነበር። ይኸው ትልቅ ሰው ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ ለካንሰር ሕሙማን ይጠቅማል ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ሐኪሞች ነገሩን በታማሚዎች ላይ ፈትነው በ1979 እና በ1985 ውጤቱን አሳተሙ። በአፍ የተወሰደው ቫይታሚን ሲ መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ እንክብል የተሻለ አልነበረም። የሰው ስም ትልቅ ስለሆነ የተናገረው ሁሉ እውነት አይሆንም።

ደግሞስ የበሽታ ሁሉ ማለት ምን ማለት ነው? ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ወባን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ጥገኛ ነው። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ የሚመጣው በአንድ ጂን ላይ በደረሰ ትንሽ ለውጥ ነው። እነዚህን በማዕድን እጥረት ማስረዳት አይቻልም።

በእርግጥ ከማዕድን እጥረት የሚመጡ በሽታዎች አሉ፣ ከባድም ናቸው። እንዴት እንደታወቁ ማየት ይጠቅማል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሰው የዚንክ እጥረት ሊይዘው አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ሐኪም ኢራን ውስጥ ሺራዝ ከተማ አንድ ታማሚ አጋጠመው። ሰውየው 21 ዓመቱ ነው፣ ሲያዩት ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። የጉርምስና ምልክት የለውም፣ ጉበትና ጣፊያው አብጧል፣ ከባድ ደም ማነስ አለበት። ምግቡ ከዳቦ ብዙም አያልፍም፣ አፈርም ይበላል። ደም ማነሱን ብረት ማጣት ሊያስረዳው ይችላል። ቁመቱንና ጉርምስናውን ግን አያስረዳም። ፕራሳድ ዚንክን ጠረጠረ። በኋላ ግብፅ ሄዶ ተመሳሳይ ወጣቶችን መረመረ፣ የዚንካቸውን መጠን ለካ፣ ዚንክ ሰጣቸው። ቁመታቸው ጨመረ፣ ጉርምስናቸውም መጣ። አንድ ማዕድን ጎድሏል የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ይለካል፣ ይሰጣል፣ ለውጡ ይታያል። «ሁሉም ሰው ሁሉም ነገር ጎድሎታል» የሚለው ግን በዚህ መንገድ አላለፈም።

ወደ አፈሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው፣ ስለዚህ ጊዜ ሰጥተን እንየው።

ዋና ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ሴኔት 99 በመቶው ሕዝብ የማዕድን እጥረት እንዳለበት አረጋግጧል የሚል ነው። ሰነዱ አለ። ቁጥሩ 264 ነው። ግን የሴኔት ጥናት አይደለም። ሬክስ ቢች የተባለ ልብ ወለድ ጸሐፊ ለአንድ ታዋቂ መጽሔት የጻፈው ጽሑፍ ነው። የፍሎሪዳው ሴናተር ፍሌቸር ጽሑፉን ወደዱትና በሴኔት ሰነድነት እንዲታተም አደረጉ። በዚያ ዘመን አንድ ሴናተር ይህን ማድረግ ይችል ነበር። 99 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሴኔቱ አልለካውም፣ አላረጋገጠውም። ሰነዱ ከዚያ ወዲህ በእንክብልና በጠርሙስ ማዕድን ማስታወቂያ ላይ የመንግሥት ማኅተም እየመሰለ ሲያገለግል ኖሯል።

አትክልቶች ከድሮው ያነሰ ማዕድን ይዘዋል የሚለው ግን መሠረት አለው። በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 43 የጓሮ ሰብሎችን የ1950 እና የ1999 መረጃ አነጻጽሯል። ካልሲየም በ16 በመቶ፣ ብረት በ15 በመቶ፣ ፎስፈረስ በ9 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ 15 በመቶ ቀነሰ ማለት 85 በመቶው አለ ማለት ነው። ምግቡ ባዶ አልሆነም። አጥኚዎቹ ለቅነሳው በዋናነት የጠረጠሩትም አፈሩን ሳይሆን ዘሩን ነው። ትልቅና ብዙ ምርት እንዲሰጥ የተመረጠ ዘር ከአፈር የሚስበውን ማዕድን ለብዙ ፍሬ ያከፋፍለዋል።

ይህን በደንብ የሚያሳይ ሌላ ሥራ አለ። እንግሊዝ አገር ሮተምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት አንድ ማሳ አለ። ከየዘመኑ የተወሰደ እህልና አፈር ተቀምጧል። ተመራማሪዎች ያንን አውጥተው መረመሩት። በእህሉ ውስጥ ያለው ዚንክ፣ ብረት፣ መዳብና ማግኒዚየም ከ1845 እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ብዙም አልተለወጠም። መቀነስ የጀመረው አጫጭርና ምርታማ የስንዴ ዝርያዎች ሲገቡ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ማዕድን ግን አልቀነሰም። እንግዲህ ችግሩን «አፈሩ ሞቷል» ብሎ መጥራት ስህተት ነው። መፍትሔውም ሌላ ይሆናል። ማዕድን የሚይዝ ዘር ማራባት ይቻላል፣ የዘር አራቢዎችም እየሠሩበት ነው።

አፈር ራሱ ድሃ የሆነባቸው ቦታዎችም አሉ። ቻይና ውስጥ ኬሻን ከተባለ አካባቢ ስሙን ያገኘ የልብ ጡንቻ በሽታ ሕፃናትንና ወጣት ሴቶችን ሲገድል ኖሯል። አፈሩ ሴሊኒየም በጣም ያንሰዋል። በ1970ዎቹ ለሕፃናት ሴሊኒየም ሲሰጥ በሽታው በግልጽ ቀነሰ። ፊንላንድም አፈሯ ሴሊኒየም ስለሚያንሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማዳበሪያዋ ላይ ትጨምራለች። በሁለቱም ቦታ የጎደለው አንድ የታወቀ ነገር ነው፣ የተሞላውም እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የማዕድን ትርፍ በሽንት ይወጣል ይላሉ ጸሐፊው። ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ለሶዲየም፣ ለፖታሲየምና ለአዮዲን በአብዛኛው ይሠራል፣ ያውም ኩላሊት ጤነኛ ሲሆን። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ሲበዛበት ልቡ ሊቆም ይችላል። ለብረት ግን ጨርሶ አይሠራም።

ብረትን በቅርበት እንየው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። አብዛኛው ያለው ደማችንን ቀይ በሚያደርገው ሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ሲሞት ብረቱ አይጣልም፣ ተሰብስቦ ለአዲስ ሴል ይሰጣል። ለአዲስ ደም በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኘው ከዚህ ነው። በቀን ከሰውነት የሚወጣው 1 ሚሊግራም ቢሆን ነው፣ እሱም ከቆዳና ከአንጀት ከሚራገፉ ሴሎች ጋር። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ተጨማሪ ያጣሉ። ከዚህ ውጭ ሰውነት የበዛ ብረትን ለይቶ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ኩላሊት አያወጣውም።

መውጫ ስለሌለ ሰውነት የሚቆጣጠረው መግቢያውን ነው። ብረት ከምግብ ወጥቶ መጀመሪያ የሚገባው የአንጀትን ግድግዳ በሸፈኑት ሴሎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ደም የሚሻገረው በሴሉ ጀርባ ባለ አንድ በር በኩል ነው። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። በሰውነት ውስጥ በቂ ብረት ካለ ሄፕሲዲን ይጨምርና በሩን ያፈርሰዋል። ብረቱ ሴሉ ውስጥ ይቀራል። የአንጀት ሽፋን ሴል ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው። ሲራገፍ የያዘውን ብረት ይዞ በሰገራ ይወጣል። ብረት ሲያንስ ደግሞ ሄፕሲዲን ይቀንሳል፣ በሩም ይከፈታል።

ይህን ያወቀ ሰው ብዙ እንክብል ብዙ ጥቅም አለመሆኑን ይረዳል። አንድ ሰው ዛሬ ጠዋት የብረት እንክብል ቢውጥ ሄፕሲዲኑ ከፍ ይልና እስከ ነገ እንደዚያው ሊቆይ ይችላል። የነገው እንክብል የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ብረት ያነሳቸው ሴቶች በየቀኑ ከሚወስዱ ይልቅ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ከእያንዳንዱ እንክብል የተሻለ ብረት እንደሚመጥጡ አሳይቷል። ብዙ ሐኪሞች ዛሬ እንደዚያ የሚያዙት ለዚህ ነው።

ይህ ቁጥጥር የማይሠራላቸው ሰዎችም አሉ። ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለባቸው ሰዎች ሄፕሲዲናቸው ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። በሩ አይዘጋም። ብረቱ በጉበት፣ በቆሽትና በልብ ውስጥ ለዓመታት ይጠራቀማል። በመጨረሻ ጉበት ደርቆ ይበላሻል፣ ስኳር ይመጣል፣ ልብ ይደክማል። ሕክምናው ከታማሚው ደም እየቀዱ ማውጣት ነው። ጽሑፉ «ድካም ከተሰማህ ብረት ውሰድ» ይላል። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ድካም ሊሆን እንደሚችል ጸሐፊው ቢያውቁ ኖሮ ያንን ባልጻፉ ነበር።

የሕፃናቱ ነገር ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዛንዚባር ውስጥ ፔምባ ደሴት ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ታተመ። ወባ በሚበዛበት በዚያ ቦታ ብረትና ፎሊክ አሲድ ሳይመረመሩ የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሆስፒታል ገብተዋል፣ ሞተዋልም። ሙከራው ሳይጠናቀቅ ብረቱ እንዲቆም ተደረገ። ከመካከላቸው በተለየ ክትትል ውስጥ የነበሩና መጀመሪያ ተመርምረው ብረት እንዳነሳቸው የታወቁት ግን ተጠቅመዋል። ያው ብረት ነው። ለጎደለው ጠቀመ፣ ላልጎደለው ጎዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ በጣም በሚበዛበት ቦታ ለሕፃናት ብረት ይሰጥ ብሎ ይመክራል። መጠኑ ለታዳጊ ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ነው፣ ወባ ባለበት ደግሞ ከወባ መከላከያና ሕክምና ጋር።

ዚንክን ባጭሩ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ነው። ከ40 በላይ ዘወትር እንዳይወሰድ ይመከራል። «ለበሽታ መከላከያ» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ እንክብሎች 50 ሚሊግራም አላቸው። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች መዳብን የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታሉ፣ መዳቡም ሳይገባ ይቀራል። ሰውየው ለወራት ከቀጠለ ደሙ ያንሳል፣ ነጭ የደም ሴሎቹ ይቀንሳሉ፣ እግሩ ይደነዝዛል፣ አካሄዱ ይበላሻል። የነርቭ ጉዳቱ አንዳንዴ ዚንኩ ከቆመም በኋላ አይመለስም። ሐኪሞች ይህንኑ ባሕርይ ለበጎ ይጠቀሙበታል። ዊልሰን በሚባለው በሽታ መዳብ በሰውነት ስለሚጠራቀም ለታማሚው ዚንክ ይሰጣል። ለዊልሰን ታማሚ መድኃኒት የሆነው ለጤነኛው ጉዳት ነው።

ሴሊኒየምም እንዲሁ። በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት ሲመረት ስህተት ተፈጠረና ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ገደማ ሴሊኒየም ገባበት። 201 ሰዎች ታመሙ። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ፣ መገጣጠሚያቸው አመማቸው፣ ተቅማጥና ድካም ያዛቸው። ያለ ስህተትም ቢሆን ጥቅሙ አልታየም። ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሊኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ተጀመረ። በ2008 ቆመ። አልከላከለም። በኋላ በተደረገው ትንተና ከመጀመሪያውም ሴሊኒየማቸው ከፍ ያለ በነበሩት ላይ አደገኛው ዓይነት ካንሰር ጨምሮ ተገኘ።

ጸሐፊው እጥረትን ቤት ሆኖ ማወቅ ይቻላል ብለው ምልክቶች ይዘረዝራሉ። ጥፍር ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ካልሲየም ጎድሏል ይላሉ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነጩ ነጥብ በአብዛኛው የሚመጣው የጥፍሩ ሥር ሲመታ ወይም ሲነካካ ነው። ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወጥቶ ይቆረጣል። ሌሊት እግርን ቡታ ከያዘ ማግኒዚየም ነው ይላሉ። ማግኒዚየም በጣም ሲወርድ ጡንቻ መኮማተሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ገምጋሚዎች በ2020 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የማግኒዚየም እንክብል ቡታን በሚታይ ደረጃ የመከላከሉ ነገር አጠራጣሪ ሆኖ ነው ያገኙት።

ጸሐፊው ፀጉርን ላቦራቶሪ ልኮ የማዕድን እጥረትን ማወቅ ይቻላልም ይላሉ። ይህን የፀጉር ምርመራ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ሰው ገንዘቡን እያወጣበት ነውና። በ2001 ተመራማሪዎች ከአንዲት ጤነኛ ሴት ራስ ላይ ፀጉር ወስደው ለስድስት ላቦራቶሪዎች ላኩ። ፀጉሩ የአንድ ሰው ነው። የመጣው ውጤት ግን የተለያየ ነበር። አንዱ ዝቅተኛ ያለውን ሌላው ከፍተኛ አለው። የምግብና የእንክብል ምክሮቻቸውም እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በ1985 ከሁለት ጤነኛ ወጣቶች የተወሰደ ፀጉር ወደ 13 ላቦራቶሪዎች ተልኮ ያኔም ውጤቶቹ እርስ በርስ አልተስማሙም ነበር። ፀጉር ለከባድ የብረታ ብረት መመረዝ ምርመራ ቦታ አለው። ብረት ወይም ማግኒዚየም ጎድሎሃል ለማለት ግን አይሆንም።

የደም ምርመራም ቢሆን አንባቢው ሊያውቅ ይገባል። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የብረት ክምችትን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ሰውየው ኢንፌክሽን ከሌለው። በደም ውስጥ ያለ ካልሲየም ግን ስለ አጥንት ብዙ አይናገርም። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው ያለው በአጥንትና በጥርስ ነው። የደሙ ሲቀንስ ሰውነት ከአጥንት አውጥቶ ይሞላዋል። ስለዚህ አጥንቱ እየሳሳ የደሙ ቁጥር ልክ ሊሆን ይችላል።

ካልሲየምን ካነሣን፣ ጽሑፉ በአንድ ገጽ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ወተትና የወተት ተዋጽኦ ይተው ይላል። ጠጠሩ ካልሲየም ስላለበት ምክሩ አሳማኝ ይመስላል፣ ብዙ ሐኪሞችም ድሮ ይሉት ነበር። ጣልያን ውስጥ ለአምስት ዓመት የተደረገና በ2002 የታተመ ሙከራ ነገሩን ገለበጠው። ጠጠር ደጋግሞ የሚያስቸግራቸው 120 ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ካልሲየም ቀነሱ። ሌሎቹ ካልሲየሙን እንደ ደንቡ እየበሉ ጨውና ሥጋ ቀነሱ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ውስጥ 23ቱ ጠጠሩ ተመለሰባቸው። ከሌሎቹ 60 ውስጥ 12ቱ ብቻ። ከምግብ ጋር የሚበላ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌት የተባለውን ጠጠር የሚሠራ ንጥረ ነገር ይይዘዋል፣ ወደ ኩላሊት እንዳይሄድም ያደርገዋል። የሚገርመው የካልሲየም እንክብል ሌላ ነው። ከ36,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበትና በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በእንክብል የወሰዱት ጠጠር በ17 በመቶ ጨምሮባቸዋል፣ የዳሌ አጥንት ስብራታቸው ደግሞ በግልጽ አልቀነሰም። ጽሑፉ ከምግቡ አስሽሽቶ ወደ እንክብሉ የሚወስድ ነው፣ መረጃው ደግሞ የሚጠቁመው ወደ ተቃራኒው ነው።

ቀጥሎ ጨው። ጸሐፊው የተጣራ ጨው መርዝ ነው፣ ከተራራ የሚወጣው ሮዝ ጨው ግን 84 ማዕድናት ስላሉት እንደልብ ይበላ ይላሉ። ሮዙ ጨው 98 በመቶ ገደማ ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ቀለሙን የሰጠው ትንሽ የብረት ዝገት ነው። ሌሎቹ ማዕድናት ያሉት እጅግ ጥቂት ሆነው ነው። ከሱ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ለማግኘት ሰው የሚጎዳውን ያህል ጨው መብላት ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን። የደም ግፊት የሚጨምረው ሶዲየሙ ነውና።

ከዚህ የሚብሰው የሚቀረው ነገር ነው። እንደተቆፈረ የሚሸጥ ጨው ውስጥ በቂ አዮዲን የለም። አዮዲን የሚያስፈልገን በቀን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ ለነፍሰ ጡር 250። የታይሮይድ ዕጢ ከሱ ሆርሞን ይሠራል፣ የፅንስ አእምሮም የሚያድገው በዚያ ሆርሞን ነው። ሲጎድል ዕጢው ያብጣል፣ እንቅርት የምንለው ነው። እንቅርቱ ይታያል። የማይታየው ከመወለዱ በፊት የተጎዳው የልጅ አእምሮ ነው፣ እሱ ደግሞ በኋላ በማንም እንክብል አይመለስም።

ዴቪድ ማሪን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ አክረን ከተማ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ይዞ ሠራ። አዮዲን ከወሰዱት 2190 ልጆች እንቅርት የወጣባቸው 5 ናቸው። ካልወሰዱት 2305 ውስጥ 495። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን ያለው ጨው ጀመረች፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 ተከተለች። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስንት እናቶች እንቅርት ሳይዛቸው ቀረ፣ ስንት ልጆች ሙሉ አእምሮ ይዘው ተወለዱ። ያንን ጨው መርዝ ብሎ መጥራት ያሳዝነኛል። ትክክለኛው ምክር ጨው ቀንሱ፣ የምትበሉት ግን አዮዲን ያለው ይሁን የሚለው ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ።

የጨው ነገር ሲነሣ ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ጥሩ ዜና አለ። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች 21,000 ገደማ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ታትሟል። ከጨዋቸው ሩቡን ሶዲየም በፖታሲየም የተኩት ሰዎች ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ የሚያደርግ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን ጨው አይንካ።

ጽሑፉ ስለሚያሞግሰው «ከ70 በላይ ማዕድናት ያሉት ፈሳሽ» ረጅም መልስ አያስፈልግም። ለሰው አስፈላጊነታቸው የታወቀ ማዕድናት ከሃያ ያንሳሉ። ሰባ የሚሞላው እነ አሉሚኒየምን፣ እርሳስንና ብርን ሲጨምሩ ነው። ብር ለሰውነት ምንም ሥራ የለውም። ለረጅም ጊዜ የጠጣው ሰው ቆዳው ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለሙም አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1999 እንዲህ ያሉ የብር ውጤቶች ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል።

የመጨረሻው ክስ ሐኪሞች ማዕድንን የሚደብቁት ርካሽ ስለሆነ ነው የሚለው ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ለ10 እስከ 14 ቀን ዚንክ ስጡ ብለው በ2004 ለዓለም ያወጁት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ናቸው። በእርግዝና ደም ግፊቷ የጨመረ እናት መንቀጥቀጥ ውስጥ እንዳትገባ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ዋጋው ከቁጥር የማይገባ አሮጌ መድኃኒት ነው። በ33 አገሮች 10,000 ያህል ሴቶች የተሳተፉበት የ2002 ሙከራ መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዛሬ በየማዋለጃው የሚሰጠው በዚያ ምክንያት ነው። ካልሲየም ትንሽ በሚበላበት ቦታ ነፍሰ ጡሮች ካልሲየም እንዲወስዱ የሚመክረውም የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ለነፍሰ ጡር ብረት የሚያዝላት በጤና ጣቢያ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉትን ሰዎች ደበቁን ማለት ፍትሕ አይደለም። ነገሩ ደግሞ ስድብ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያንን ያነበበች ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ትታ ጽሑፉ የሚያሞግሰውን ጠርሙስ ልትገዛ ትችላለች።

በመጨረሻ ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በጽሑፉ ማብቂያ ለልጆች የአዋቂውን የብረት እንክብል ለሁለት ከፍላችሁ ስጡ የሚል መስመር አለ። ፈረስ ሰልፌት ከሚባለው የብረት ውህድ የተሠራ አንድ የተለመደ የ325 ሚሊግራም እንክብል በውስጡ 65 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት አለው። ግማሹ 32 ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 7 ሚሊግራም ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የዚህን እንክብል አሥር ፍሬ ከጠርሙሱ አውጥቶ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። እንክብሉ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባና ጣፋጭ ሽፋን ያለው ስለሆነ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። ሌላው ሁሉ ክርክር ሊቆይ ይችላል፤ ያንን መስመር ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ጽሑፉ የደረሳችሁም፣ ቤት ውስጥ ያለውን የብረት እንክብል ሕፃን የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ሕፃን ውጦ ከተገኘ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ የእንክብሉን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያ ያስታውከዋል፣ ከዚያ ለሰዓታት የተሻለው ይመስላል፣ ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው።